«ገንዘብ የለኝም» ያሉት ፕሮፌሰር

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ አንድ ኢሜይል አለ። ለኔ የተጻፈም አይደለም። አንድ ጀርመን አገር ያሉ ፕሮፌሰር፣ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ሰው ላቦራቶሪ ገብተህ ለተወሰነ ጊዜ የምትሠራው ምርምር) ቢጠይቃቸው የጻፉለት አራት መስመር ነው፣ ልጁ ደግሞ አንብቦ «አልተሳካም» የሚል ፎልደር ውስጥ ከቶታል። እኔ ያየሁት ኅዳር ላይ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ነው፣ እሱ ለስብሰባ አዲስ አበባ መጥቶ «ዶክተር ካልተቸገሩ አንድ ማኪያቶ ልጋብዝዎት» ብሎኝ።

ልጁ እላለሁ እንጂ እሱም አሁን ዶክተር ነው፣ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ሚስቱም ልትወልድ ደርሳለች። ሥራው ፍሎራይድ ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጥርስና አጥንት የሚያበላሸው ለምን እንደሆነ ለአገሬው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እዛ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ የያዘ ውሃ ሰው ይጠጣል። እሱ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ፍሎራይዱን የሚይዝ ማጣሪያ ይሠራል፣ ማጣሪያው ሲሞላ ደግሞ እንዴት አጥበን መልሰን እንጠቀምበት የሚለው ነው ዋናው ጥናቱ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ያስተማርኩት ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው።

ስልኩን ወደኔ አዞረና «ይሄው ዶክተር፣ ይዩት፣ ሁሉም እምቢ ነው ያሉኝ» አለኝ። ወደ ታች እየገፋሁ አየሁት። አብዛኛው እውነትም እምቢታ ነው፣ ማሽን የጻፈው፣ «ብዙ ማመልከቻ ስለደረሰን» የሚለው ዓይነት። መሀል ላይ ግን ይሄኛው አለ። «ለኢሜይልህ አመሰግናለሁ። ስለ ማጣሪያው እድሳት የጻፍከውን አነበብኩት፣ ጥሩ ሥራ ነው። በአሁኑ ሰዓት ለፖስትዶክ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ፌሎሺፕ ለማመልከት የምታስብ ከሆነ ግን ንገረኝ።» ፌሎሺፕ ማለት ተመራማሪው ራሱ አመልክቶ ከአንድ ድርጅት በስሙ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ቀኑን አየሁ፣ ሰኔ ላይ ነው የመጣለት።

«ይሄ እኮ እምቢታ አይደለም» አልኩት።

«እንዴ ዶክተር! ገንዘብ የለኝም ነው እኮ የሚሉት!»

እሺ እየተባባልን ያደግን ሰዎች

ልጁን አልፈርድበትም። እኛ ከተማ ማንም ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልህም። «እስቲ እናያለን»፣ «ሳምንት ብቅ በል»፣ «እኔ እደውልልሃለሁ» ሲሉህ ነገሩ እንዳለቀ ገብቶህ ታመሰግናለህ፣ ትወጣለህ። እሺ ይበልጣል ከሺ ተብሎ ያደገ ሕዝብ ነው፣ እምቢታውንም በእሺ ነው የሚጠቀልለው። እንግዲህ እዚህ አገር አንድ ሰው አፉን ሞልቶ «የለኝም» ብሎ በጽሑፍ ከላከልህ፣ በቃ የመጨረሻው መጨረሻ ነው፣ ከዛ በኋላ መመለስ ልመና ነው የሚሆነው። ልጁ ያደገበትን ጆሮ ይዞ ነው ያነበበው።

ሰውየው ግን የጻፉት ነገር ሌላ ትርጉም የለውም። ገንዘብ የለኝም ያሉት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው። ንገረኝ ያሉት እንዲነግራቸው ነው። የማይፈልግ ፕሮፌሰር አይመልስም፣ በቀን ስንት እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ይገባለታል፣ ዝም ማለት ምንም አያስከፍለውም። የላክለትን ወረቀት ከፍቶ አንብቦ፣ የትኛውን ክፍል እንደወደደው ጠቅሶ፣ ፌሎሺፕ የሚለውን ነገር ራሱ ካነሳ ሰውየው በር ከፍቶልሃል፣ የሚቀረው መግባት ነው።

እንደውም እኔ አሁን የደረስኩበት ሐሳብ ከዚህም ይብሳል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሚፈልግ ሰው «ገንዘብ የለኝም፣ ፌሎሺፕ ሞክር» የሚል መልስ ከሥራ ማስታወቂያ ይሻላል። ሰው ሲሰማኝ ይስቃል፣ ግን እንየው።

ማስታወቂያ የሚወጣው ፕሮፌሰሩ የፕሮጀክት ብር ሲያገኝ ነው። ብሩ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው፣ ፕሮጀክቱ ሦስት ዓመት ከሆነ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል፣ ሰውየው ቶሎ የሚጀምር፣ ያንን አንድ መሣሪያ የሚያውቅ፣ ያንን አንድ ዘዴ የሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። አንተ ሰነድ እስክታረጋግጥ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ እስክታገኝ፣ ቪዛው እስኪመጣ ወራት ያልፋል፣ እዛው ሁለት ከተማ ርቆ ያለ ሰው ግን ሻንጣውን ይዞ በባቡር ይደርሳል። እኩል ብትሆኑ እንኳ እሱን ነው የሚወስዱት፣ ክፋትም አይደለም። ዩራክሰስ የሚባለው የተመራማሪዎች ሥራ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አትዩ እያልኩ አይደለም፣ እዩ፣ ነፃ ነው፣ የአውሮፓ ክፍት ቦታ በብዛት እዛ ይወጣል፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለሚሠሩ ሰዎችም ነገሩ ትንሽ ይቀላል። ግን ለማስታወቂያ ብቻ መቶ ማመልከቻ ልኮ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል።

ፌሎሺፕ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ብሩ ያንተ ነው፣ ፕሮፌሰሩ የሚሰጥህ ወንበር፣ ላቦራቶሪና ስሙን ነው። ሁምቦልት የሚባለው የጀርመን ፋውንዴሽን ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላል፣ ፒኤችዲ ከጨረስክ አራት ዓመት ካላለፈህ ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጥሃል፣ ግን ጀርመን ውስጥ ልቀበለው ፈቃደኛ ነኝ የሚል ሰው ከሌለህ ማመልከቻህ አይሟላም። ጄኤስፒኤስ የሚባለው የጃፓን የሳይንስ ድርጅት ጋ ደግሞ ጭራሽ አንተ አይደለህም የምታመለክተው፣ ጃፓን ያለው ተቀባይህ ነው በዩኒቨርሲቲው በኩል የሚያመለክትልህ፣ ወሩ 362 ሺህ የን ነው። ማሪ ኩሪ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፌሎሺፕ ላይ ያለችውን ሕግ ደግሞ በጣም ነው የምወዳት፣ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ እዛው የምትሄድበት አገር የኖርክ ከሆነ አትችልም ትላለች። ያቺ በባቡር የሚመጣውን ሰው የምታስቀር ሕግ ናት፣ እዚህ አራት ኪሎ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሰው ግን ምንም አትነካውም። እና በመሀል፣ ለነዚህ ለሦስቱም ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም፣ «ፕሮሰስ እናደርግልሃለን» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ካለ ስልኩን ዝጋበት።

ሁሉም ግን መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያንኑ ነው፣ ማን ይቀበልሃል? ልጁ መልሱን ስልኩ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው።

ጳጉሜን 5

በጣም ያበሸቀኝ ቀኑ ነው። የማሪ ኩሪ የ2025 ጥሪ የተዘጋው ሴፕቴምበር 10 ነበር፣ በኛ ጳጉሜን 5፣ በብራስልስ ሰዓት ከቀኑ 11፣ በኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። የፊተኛው ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ነበር፣ ማለትም እንቁጣጣሽ ቀን! ዶሮ እየተሠራ፣ ዘመድ እየገባ፣ አንዱ ጓዳ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ አሥር ገጽ ፕሮፖዛል ሲጭን አስቡት። ለማንኛውም ልጁ ኢሜይሉ ሰኔ ላይ ከደረሰው እስከ ጳጉሜን ድረስ ሙሉ ክረምት ነበረው፣ ክረምቱን ደግሞ ፈተና ሲያርምና ማስታወቂያ ሲያሳድድ ነው ያሳለፈው።

ቢያመለክትስ ያገኝ ነበር ወይ? እንጃ። ለ2024ቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ 1,696 ሰው ነው የተመረጠው፣ ለ2025ቱ ያመለከተው ሰው ከ17 ሺህ በላይ ነው። ስለዚ እጣው ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ግን በ17 ሺህ ሰው መሸነፍና ሳይገቡበት መቅረት አንድ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ ማን ይነግረዋል የሚለው ነው። እኔ ይሄን ነገር ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ፒኤችዲዬን ስሠራ ለተወሰነ ጊዜ ውጭ አገር ላብ ውስጥ ስለነበርኩ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሰማሁት። እዛ ላብ ውስጥ ፖስትዶኮች ነበሩ፣ ከየአገሩ የመጡ፣ ሲበሉ የሚያወሩት የት ምን ተከፈተ፣ ማን ብር አጣ፣ ማን ሰው ይፈልጋል ነው። አንዷ ብራዚላዊት «ብር የለኝም አለኝ፣ እና ሁምቦልት ጻፍኩ» ስትል ሰማኋት፣ «ዝናብ ነበር፣ እና ዣንጥላ ያዝኩ» እንደማለት አድርጋ ነው የተናገረችው። ማንም ቀና ብሎም አላያት።

ልጁ ደግሞ ፒኤችዲውን እዚሁ ነው የሠራው። እኛ ዘንድ አሁን ብዙ ዶክተር እዚሁ ይመረቃል፣ ደስ ይላል፣ ግን ዲፓርትመንቶቻችን ውስጥ ፖስትዶክ የሚባል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሱፐርቫይዘር አለ፣ ተማሪ አለ፣ መሀል ላይ ያለው ሰው የለም። ውጭ ሄዶ ፖስትዶክ የሠራው ወይ እዛው ቀርቷል፣ ወይ ተመልሶ ዲን ሆኗል፣ ዲን ከሆነ ደግሞ ከስብሰባ ስብሰባ ነው፣ ምሳ የሚበላው ከማን ጋር እንደሆነ እንጃለት። ስለዚ ልጁ ሦስት ዓመት አራት ዓመት ሲመራመር ፖስትዶክ የሆነ ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ያላየውን ነገር ነው የሚያመለክተው።

«ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ካፌው ውስጥ ወዳለነው ልመለስ። ዛሬውኑ መልስላቸው አልኩት። ልጁ ቀላ። «አምስት ወር ሙሉ ዝም ብዬ? አሁን በምን ፊቴ ነው የምጽፈው?» ይሉኝታ ነው እንግዲህ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩት፣ ሳቀ፣ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ሲያሳየኝ እኔም ሳቅኩ። ሰላምታው ሁለት መስመር፣ ከዛ ይቅርታ፣ ከዛ የመብራት ጉዳይ፣ ከዛ የማስተማር ጫና፣ ከዛ እንደገና ይቅርታ፣ ከዛ ክቡርነትዎ። የስልኩ ስክሪን ሞልቶ ሥራው ገና አልተነሳም። አጥፋው አልኩት። «ነውር ነው ዶክተር» አለኝ። ሰውየው ተቀይመውህ ቁጭ ብለው እየጠበቁህ አይደለም፣ ረስተውሃል አልኩት፣ ይሄ ትንሽ ከፋው መሰለኝ ግን እውነት ነው። ለዘገየው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ከዛ ምን መሥራት እንደምትፈልግ ጻፍ።

«እሳቸው የሚሰጡኝን እሠራለሁ ልበላቸው?»

እዚች ጋ ነው ረጅም ሰዓት የቆየነው። ምክንያቱም «የሰጡኝን እሠራለሁ» እዚህ አገር ትልቅ ጨዋነት ነው፣ ትሕትና ነው፣ የምንወደው ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ፌሎሺፕ ላይ ግን ምንም ማለት አይደለም፣ ብር የሚሰጠው ድርጅት የሚከፍለው ለአንተ ሐሳብ ነው፣ ፕሮፌሰሩም የራሳቸውን ሐሳብ የሚሠራ ተማሪ ሞልቷቸዋል። «ያንተ ጥያቄ ምንድን ነው?» አልኩት። የዲሰርቴሽኑን ርዕስ ነገረኝ። እሱማ አልቋል፣ ቀጥሎስ? ዝም አለ። ማኪያቶውን አማሰለ፣ አልጠጣውም። ጎናችን ያሉት ሰዎች ሒሳብ ከፍለው ወጡ፣ ሌሎች መጡ፣ እሱ አሁንም ዝም። እኔም ዝም አልኩ፣ ብናገር የኔን ሐሳብ እሺ ብሎ እንደሚጽፈው አውቃለሁ።

በኋላ እንዲሁ እንደ ወሬ፣ «ያው አንድ ያስቸገረኝ ነገር ነበረ» ብሎ ጀመረ። ማጣሪያው ላብ ውስጥ በተዘጋጀ ውሃ ሲሞከር እንደ ጉድ ይሠራል፣ ከመቂ አካባቢ ባመጣው የጉድጓድ ውሃ ሲሞክረው ግን ወረደበት፣ በጣም ወረደበት። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል፣ ስለዚ የኦክሳይዱ ገጽ ላይ ፍሎራይዱ የሚቀመጥበት ቦታ ይያዝበታል። ያ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ማጣሪያው ታጥቦ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ የወረደው ከመጀመሪያው የባሰ መሆኑ ነው፣ ገጹ ላይ የሆነ የተለወጠ ነገር አለ፣ ምን እንደተለወጠ ግን የሚያይበት መሣሪያ የለውም። ዲሰርቴሽኑ ላይ «የጥናቱ ውስንነት» የሚል ርዕስ ሥር አንድ አንቀጽ አድርጎ አልፎታል።

ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩት እኮ የኦክሳይድ ገጽ ላይ ነው! መሣሪያውም እዛ ነው ያለው።

«ይሄንን ጻፈው» አልኩት። «ይሄን? ይሄ እኮ ያልሠራልኝ ነው» አለኝ። አዎ ይሄንን፣ ባይካርቦኔት ባለበት ውሃ የታጠበ ማጣሪያ ገጹ ላይ ምን ይሆናል፣ አለቀ፣ አንድ ጥያቄ ነው፣ የመቂን ውሃ ያየ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ጻፈው። ስድስት መስመር ሆነ። ይቅርታው አንዴ ብቻ ገባ፣ «ክቡርነትዎ» የምትለዋን ግን ሳላየው መልሶ አስገብቷት ነበር፣ አስጠፋሁት።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣለት። ስለ ዘገየው ነገር አንድም ቃል የለም። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ሁምቦልት አስበህ ታውቃለህ፣ ሁለት ገጽ ላክልኝና በቪዲዮ እናውራ ነው የሚለው።

ከዛ ወዲህ

ሁለት ገጹ ተልኳል፣ አውርተዋል፣ አሁን ሙሉ ፕሮፖዛሉን እየጻፈ ነው፣ እኔና እሱ ደግሞ እየተጨቃጨቅን። እሱ የፍሎራይድን ጉዳት ከአዳም ጀምሮ መተረክ ይፈልጋል፣ እኔ አሳጥረው እላለሁ።

ሪኮመንዴሽኑ ላይ ያው የተለመደው ነገር ገጥሞታል፣ አንዱ መምህሩ «አንተው ጻፈውና ላክልኝ፣ እፈርማለሁ» አሉት። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ውለታ ነው የሚያየው። እኔ ግን በጣም ነው የማልወደው፣ ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ወይ ያፍራል ወይ ያጋንናል፣ አንድም ምሳሌ የሌለው «ታታሪና ትጉህ ነው» የሚል ደብዳቤ ነው የሚወጣው፣ እና አንባቢው ያውቀዋል። በዛ ላይ ሐቅም አይደለም። መምህሩን እንዲያነጋግራቸው መከርኩት፣ «እኔ ነጥቦቹን አስታውሼ ልላክልዎት፣ ቃሉን እርስዎ ይጻፉልኝ» በላቸው ብዬ፣ የመቂውን ውሃ ነገር እሳቸውም ያስታውሱታል። እሺ ብለውታል፣ የትኛው እሺ እንደሆነ ገና አላወቅንም።

የቀረው ትልቁ ነገር የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው። ፖስትዶክ ዲግሪ የለውም፣ ስለዚ የትምህርት ፈቃድ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። የሰው ኃይል ክፍሉ «ታዲያ ምን ልትማር ነው የምትሄደው?» ብለውታል፣ አማቱም ቤት ውስጥ ያንኑ ነው የጠየቁት፣ «ዶክተር ሆኖ ገና ይማራል እንዴ?» እያሉ። ፒኤችዲውን ሲጀምር የፈረመው የአገልግሎት ውል ደግሞ አለ፣ ስንት ዓመት እንደቀረበት በእርግጠኝነት አያውቅም። እሱ ካልፈቀዱልኝ እለቃለሁ ይላል፣ እኔ ደግሞ ውሉን ሳታነብ አፍህን አትክፈት እላለሁ፣ ተያዥህ አጎትህ ናቸው፣ ገንዘቡን እሳቸውን ነው የሚጠይቋቸው። ውሉን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ከነገርኩት ቆየ፣ መዝገብ ቤት ፋይሉን እየፈለጉለት ነው።